የአባቴ እርምና ትንሿ የድምፅ ሳጥን

ኮምፒውተሬ እንደሚያጉረመርም ያወቅሁት እናቴ ከሞተች በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከሥራ ስመለስ በገና ከፍቼ ሽንኩርት ስከትፍ ወይም ልብስ ስተኩስ፣ ከመዝሙሩ ሥር ያለማቋረጥ ዝዝ የሚል ነገር ይሰማኝ ነበር፤ የበገናው ነው ብዬ ተቀብዬው ኖሬያለሁ። በገና ይነዝራል አይደል? እና ይነዝር ብዬ ተውኩት።

የሚገርመው ደግሞ እኔ በድምፅ ነገር ብስጩ ነኝ። የባጃጅ ጡሩምባ፣ የሙዚቃ ቤት ሞንታርቦ፣ ግድግዳ ዘልቆ የሚገባ የጎረቤት ቴሌቪዥን ደሜን ያፈላዋል። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሰው ኮምፒውተር እየጠገንኩ ነው ደመወዝ የምበላው። የሌላው ሰው ማሽን ትንሽ ሲያቃስት ከኮሪደሩ ማዶ የምሰማ ሴት፣ የራሴው ማሽን ዓመቱን ሙሉ ሲጮህብኝ አልሰማሁትም።

እናቴ የሞተችው በክረምቱ መውጫ ላይ ነው፤ የእንጅባራው ዩኒቨርሲቲ ገና ተማሪ መቀበል በጀመረበት ሰሞን። ታመው የነበሩት አባቴ ናቸው። ከዳንግላ ጤና ጣቢያ ወደ ባሕር ዳር ተልከው፣ ሆዳቸው ተቀዶ፣ ሐኪም ቤት ተኝተው ነበር። ሁላችንም ዓይናችንን የተከልነው እሳቸው ላይ ነበር። ሞት ግን እሳቸውን ትቶ፣ ጓሮ ጎመን ልትቀጥፍ የወጣችውን ጤነኛዋን ወሰደ። ረፋዱ ላይ ወደቀች፤ ከሰዓት በኋላ እናት አልነበረኝም።

ለአባቴ እንዳይነገራቸው ሐኪሙም ሽማግሌዎቹም ባንድ ቃል ከለከሉ። ስፌቱ ገና ጥሬ ነው፣ ቢጮኹ ይፈታል፣ ተባለ። ስለዚህ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ ባለው ቤታችን ደጃፍ ድንኳን ተተከለ፣ ተለቀሰ፣ ተቀበረች። ባሏ ባሕር ዳር አልጋ ላይ ሆነው ለአስታማሚያቸው፣ "እሷ ለምን አልመጣችም?" ይሉ ነበር። አስታማሚውም፣ "ላሚቱ ልትወልድ ስለሆነ ነው" ይላቸዋል።

ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ፣ ባሕር ዳር መዝሙር የሚቀርጽ ወዳጅ አለኝ። ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ መቅረጫውን ይዞ እንዲመጣ የለመንኩት እኔ ነኝ። አባቴ የሚስታቸው ለቅሶ ጨርሶ እንዳያመልጣቸው ብዬ ነው። እኛ አገር ለቅሶ መቅረጽን እንደ ነውር የሚያይ ሰው ሞልቷል፤ በጎሪጥ ያዩንም ነበሩ። ወዳጄ መቅረጫውን ከድንኳኑ ምሰሶ ጋር አሰረና፣ በጨርቅ ሸፈን አድርጎት፣ እሱም እንደ ሰው ቁጭ ብሎ አለቀሰ።

ሙሾውን ያወረዱት የዚያው የአካባቢያችን አሮጊት ናቸው። በአገውኛ ጀምረው በአማርኛ ይጨርሱታል፣ በአማርኛ ጀምረው በአገውኛ ይመልሱታል። እሳቸው የወጡበት ለቅሶ ላይ ሳያለቅስ የሚመለስ የለም ይባላል። እኔ ግን ያን ቀን የሰማሁት ነገር የለም። ፊቴን እየነጨሁ በየት በኩል ልስማ?

አባቴ ከሐኪም ቤት ሲወጡ ወደ ዘንገና አልወሰድናቸውም። እንጅባራ፣ እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ግቢ አሳረፍናቸው። ምርኩዝ ይዘው በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ማለት ሲጀምሩ፣ ሽማግሌዎቹና የንስሐ አባታቸው ጎህ ሳይቀድ መጥተው አረዷቸው። መርዶ እንዲህ ነው የሚነገረው፤ ሰው እህል ሳይቀምስ፣ ቀኑን ሳይጀምረው። ጩኸቱን ለመቀበል ሁላችንም ወገባችንን ታጥቀን ቆመናል። አባቴ ሽማግሌዎቹን በየተራ አዩአቸው።

"በሬዎቹን ማን ነው የሚያበላቸው?" አሉ።

ጎረቤት እያበላቸው እንደሆነ ተነገራቸው። "ደግ" አሉና ተመልሰው ጋቢያቸውን ተከናንበው ተኙ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ነበር። አከራዬ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ "አላለቀሱም እኮ" አሉኝ፤ ያላየሁት ይመስል።

በእኛ ዘንድ ቀብር ላይ ያልነበረ ሰው ቆይቶም ቢሆን አልቅሶ እርሙን ማውጣት አለበት። እርሙን ያላወጣ ሰው ሞቱን ገና አልተቀበለውም፤ በልቶም አይጠግብ፣ ተኝቶም አያርፍ። እኔ ኮምፒውተር የምጠግን የዘመኑ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር ከአሮጊቶች ወግ ጋር ነበር የምደምረው። አባቴን ካየሁ በኋላ ግን አፌን ዘጋሁ። ቁስላቸው ዳነ፣ እሳቸው ግን አልዳኑም። ሳህኑን ሳቀርብላቸው፣ "ጨው አብዝተሽበታል፣ እናትሽ ብትቀምሰው ትቆጣሻለች" ይላሉ። ዝናብ ሲመጣ፣ "ማገዶውን አስገብታው ይሆን?" ይላሉ። አንድም ቀን "እናትሽ ነበረች" ብለው አያውቁም። ወደ ቤት መቼ ነው የምንሄደው ስላቸው፣ "እንሄዳለን" ብቻ ነው መልሱ። ማሳቸውን ዘመዱ በወንፈል አረሰላቸው፤ ሰው መጥቶ ሲነግራቸው ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ እንጂ የቱን ዘራችሁት ብለው አልጠየቁም። ዕድሜ ልኩን ገበሬ የሆነ ሰው የቱን ዘራችሁት ሳይል ሲቀር፣ ያኔ ነው የፈራሁት። እናቴን ቀብሬ ሳልጨርስ አባቴን ልቀብር ነው አልኩ።

አንድ ቀን ከዘንገና የመጣ ጠያቂ ዘመድ ሊያጽናናቸው ብሎ፣ "አንተም እኮ በሙሾው ውስጥ አለህ፤ አሮጊቷ ስምህን እየጠሩ ነው ያወረዱት" አላቸው። አባቴ ከመርዶው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው ሰው ዓይን ውስጥ አዩ።

"ምን አለችኝ?"

ሙሾ በለቅሶው መሃል ሰው አንጀት ውስጥ ይገባል እንጂ ማን ቃል በቃል ይይዘዋል? "ብቻ ደግ ነገር ነው ያሉህ" ብሎ ዘመድየው አለፈው። አባቴ ግን ያዙት። ሰው በመጣ ቁጥር፣ "ምን አለችኝ?" ነው። አንዱ እንዲህ ነው ይላል፣ ሌላው የለም እንዲያ ነው ይላል። በመጨረሻ እኔው ዘንገና ሄጄ አሮጊቷን ጠየቅኋቸው። ቢደግሙልኝ ጽፌ ልወስድላቸው ነበር።

"ምን ነካሽ ልጄ?" አሉኝ፣ እጃቸውን እያርገበገቡ። "ሰው ሳይሞት ሙሾ አይወርድም። በቁም ሰው ላይ ሟርት ነው። እግዚአብሔር ይቅር ይበልሽ!"

ስለዚህ የቀረው ቅጂው ብቻ ነበር። ወዳጄ በፍላሽ ሰጥቶኝ ኮምፒውተሬ ላይ ከገለበጥኩት ቆይቻለሁ፤ ልከፍተው አልደፈርኩም እንጂ። አባቴን ወንበር ላይ አስቀምጬ፣ የኮምፒውተሩን ገመድ ከትልቁ ቴፕ ጋር አገናኝቼ፣ ሁለቱን የእንጨት ስፒከሮች ወደ እሳቸው አዙሬ ከፈትኩት። መጀመሪያ የመጣው ዝዝታው ነው። ከዝዝታው ጀርባ ራቅ ብሎ የሴት ድምፅ ይመስላል፣ ከወንዝ ማዶ እንደሚጣራ ሰው። የአባቴ ግራ ጆሮ ከድሮም ደከም ያለ ነው። ድምፁን ጨመርኩት፤ ዝዝታውም አብሮ ጨመረ።

አባቴ ግንባራቸውን አኮማትረው አዳመጡ፣ አዳመጡና፣ "ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው እንዴ የተለቀሰላት?" አሉኝ።

ቀልድ አልነበረም፤ ከልባቸው ነው የጠየቁኝ። አጠፋሁት። የጆሮ ማዳመጫ አመጣሁላቸው፤ ጥቂት ታግሰውልኝ ነቅለው መለሱልኝ። "ሐኪሞቹ የሰውነቴን ቀዳዳ ሁሉ ሲጎረጉሩት ከርመዋል፤ ጆሮዬን እንኳ ተዪልኝ" አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሰሞን ሳስበው አሁንም ጥርሴን ያፋጨኛል። ገመድ ቀየርኩ። ከኋላው ቀዳዳ ነቅዬ ፊት ለፊት ባለው ሰካሁት። የማከፋፈያውን ሶኬት ገለባበጥኩ። ኮምፒውተሩን ሙሉ በሙሉ ደምስሼ እንደ አዲስ ጫንኩት። ስፒከሮቹን ሰደብኩ፤ ቅጂውን ሰደብኩ፤ መብራት ኃይልን ከነዘር ማንዘሩ ሰደብኩ። ዝዝታው ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ ለወዳጄ ደወልኩና፣ የሰላምታውን ወግ እንኳ ሳላሟላ፣ "ያበላሸኸውን ቅጂ ነው የሰጠኸኝ" ብዬ ጮህኩበት።

እሱ ሰው ሲጮህበት ድምፁን ዝቅ የሚያደርግ ዓይነት ነው። "ማውሱን አንቀሳቅሺው እስቲ" አለኝ። "ጩኸቱ ይቀያየራል?"

አንቀሳቀስኩት። ቀስቷ በስክሪኑ ላይ ስትሄድ ጩኸቱም እየቀጠነ እየወፈረ አብሯት ይሄዳል።

"ይቀያየራል" አልኩት።

"እንግዲያው ስፒከሩንም እኔንም ተዪን። የሚጮኸው የማሽንሽ ሆድ ነው።"

ከዚያ አስረዳኝ። ኮምፒውተር ድምፅን የሚያስቀምጠው በቁጥር ነው፤ ይህንን እኔም አውቃለሁ። ስፒከር ደግሞ ቁጥር አይገባውም፣ የሚገባው ከፍ ዝቅ የሚል የኤሌክትሪክ ሞገድ ነው። መሃል ላይ ቁጥሩን ወደ ሞገድ የሚመልስ አስተርጓሚ አለ። "ያንቺ አስተርጓሚ ገበያ መሃል ነው የተቀመጠው" አለኝ። "ማራገቢያው አጠገቡ፣ ኃይል ሰጪው አጠገቡ፣ ዲስኩ አጠገቡ፤ ሁሉም ይጮኽበታል። እሱ ምን ያድርግ? የሰማውን ሁሉ ቀላቅሎ ያወጣልሻል። አስተርጓሚውን ከገበያው አውጥተሽ ጸጥ ያለ ቦታ አስቀምጪው።" ለዚህ የሚሆን ለብቻው የተሠራ ዕቃ እንዳለ፣ ዳክ እንደሚባል፣ ስቱዲዮ ውስጥ የማይጠቀምበት አንድ ትርፍ እንዳለው ነገረኝ። "እልክልሻለሁ። ለአባታችን ነው" አለ። ስለጮህኩበት አፈርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅሁት።

በሚኒባስ ሹፌር እጅ ተልኮ መጣ። መናኸሪያ ሄጄ ስቀበለው ሹፌሩ ከመሪው ፊት ለፊት ካለው ጨርቅ ሥር አውጥቶ ሲሰጠኝ፣ ያን ሁሉ ተስፋ የጣልኩበት ነገር ይህቺ ናት ወይ ብዬ ቅር አለኝ። ጥቁር፣ ከሳሙና የማትበልጥ የብረት ሳጥን ናት። በአንድ ወገን የዩኤስቢ ቀዳዳ አላት፤ በሌላው ወገን ቀይና ነጭ ክብ መሰኪያዎች። እቤት ደርሼ ልሰካት ስል መብራት ጠፋ። ያን ጊዜ ምን እንዳልኩ እዚህ አልጽፈውም።

መብራት ሲመጣ አባቴ በረንዳ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ሳጥኗን ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኘሁ፣ ከሳጥኗ ወደ ቴፑ ቀይና ነጩን ገመድ ዘረጋሁ፣ ኮምፒውተሩ ድምፁን በዚያ በኩል እንዲያወጣ አዘዝኩት። ሙሾውን ቶሎ ልከፍተው አልፈለግሁም። ሐዘን በገባበት ቤት ዘፈን አይከፈትም፤ በገና ግን ማንም አይከለክልም። ስለዚህ ሁልጊዜ የማዳምጠውን በገና ከፈትኩ።

መጀመሪያ የሰማሁት ዝምታውን ነው። ቴፑ የጠፋ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ መብራቷን አየሁ፤ በርታለች። ከዚያ አውታሩ ተመታ። በገና በእርግጥ ይነዝራል፤ ግን ንዝረቱ አውታሩ ሲመታ ተወልዶ፣ ጥቂት ኖሮ፣ ይሞታል። ዓመቱን ሙሉ በበገና ስም ስሰማው የኖርኩት፣ የማይወለድ የማይሞተው ዝዝታ፣ የማሽኑ ነበር። አሁን የደርዳሪው ጣት ከአውታሩ ሲነሳ ይሰማል። ከመዘመሩ በፊት ትንፋሽ ሲስብ ይሰማል። ሰውየው ሳንባ እንዳለው አስቤው አላውቅም ነበር። ተቀምጬ እስከ መጨረሻው ሰማሁት፣ ካለቀም በኋላ አልተነሳሁም። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ያለ ጸጥታ አግኝቼ አላውቅም፤ ትናፍቀኛለች ብዬ በቃል የተናገርኩትም ያኔ ነው፣ ሰሚ በሌለበት።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ምሳ በልተን፣ አባቴን ከስፒከሮቹ ፊት ለፊት አስቀመጥኳቸው። ለአከራዬ አልነገርኳቸውም። ቢሰሙ ሟርት ነው ብለው ግቢያቸው ውስጥ አያስደርሱኝም። በሩን ግን አልዘጋሁትም፤ አባቴ በር ሲዘጋባቸው ሐኪም ቤቱ ትዝ ይላቸዋል።

ከፈትኩት። ከድምፁ ሁሉ ቀድሞ የመጣው ዝናብ ነው፣ የድንኳኑ ሸራ ላይ የሚንጠባጠብ የክረምት መውጫ ዝናብ። ያን ቀን መዝነቡን ረስቼዋለሁ። አንድ ሰው ያስላል። ራቅ ብሎ ፈረስ ልጓሙን ያንቋቋል። አንዱ ቀስ ብሎ፣ "ለቄሱ ወንበር አቀብሉ" ይላል። አባቴ ፊታቸውን ወደ ቀኝ አዞሩ፤ ወንበሩ የሚያልፈው በዚያ በኩል ይመስል። ከዚያ አሮጊቷ ጀመሩ።

በረቱ ተከፍቷል፣ ጥጃውም ወጥቷል፤
ያሳደገው እጅ ዛሬ የት ገብቷል?

ቀጥለው በአገውኛ አወረዱ። የአባቴ ከንፈር አብሮ ይንቀሳቀስ ጀመር። እናቴና አባቴ እርስ በርሳቸው የሚነጋገሩት በአገውኛ ነበር፤ አማርኛው ለገበያና ለእኛ ትምህርት ቤት ነው። እኔ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌ አባቴን ብቻ ነው የማየው። አሁን ያለቅሳሉ፣ አሁን፣ እላለሁ። ሙሾው ወደ አማርኛ ተመለሰና፣ አሮጊቷ የአባቴን ስም ጠሩ።

ባሏ ሐኪም ቤት ነው፣ አልሰማም ጉዷን፤
ማን ሄዶ ይንገረው ቀድማ መሄዷን?

ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ባንዴ ሲጮኽ ተሰማ። ከመሃሉ የራሴን ጩኸት ለየሁት፤ እኔ መሆኔን እስካውቅ ድረስ የሌላ ሰው መስሎኝ አዘንኩላት። አባቴ ግን አላለቀሱም።

"ድገሚው" አሉ።

መለስኩት። ስማቸው ተጠራ፣ ሁለቱ ስንኞች አለፉ።

"ጨምሪው። ድገሚው።"

ጨመርኩት። ሳጥኗ ምንም ብጨምርባት አትረበሽም፤ ዝዝታ የለ፣ መንቀጥቀጥ የለ፣ የአሮጊቷ ድምፅ ብቻ እየቀረበ፣ እየቀረበ ይመጣል። በመጨረሻ ሴትየዋ ክፍሉ ውስጥ የቆሙ ያህል ሆነ። አባቴ አሁንም ምርኩዛቸውን ይዘው ወለሉን ያያሉ። "ድገሚው" ይላሉ። ፊታቸው ላይ ያለው ሐዘን አልነበረም፤ የመንገድ አቅጣጫ የተነገረው ሰው ዓይነት፣ ነገሩ እንዳይጠፋው የሚያጠና ሰው ፊት ነበር። ያን ጊዜ ተስፋዬ ተሟጠጠ። የሚቻለኝን አድርጌያለሁ። ቃሉን አጥርቼ አምጥቼላቸዋለሁ፤ ቃሉንም ሰምተዋል፤ አልነካቸውም። ከዚህ በኋላ ወዴት እንደምወስዳቸው አላውቅም ነበር።

ግቢው ውስጥ የእግር ኮቴ የሰማሁት እንደገና ልመልሰው እጄን ስዘረጋ ነው። አንድ ሰው አይደለም። አከራዬ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው፣ ጫማቸውን ሳያደርጉ፣ "ወይኔ! ወይኔ እኒያ ደግ ሰው!" እያሉ እየሮጡ ገቡ። ከኋላቸው ከአዲስ ቅዳም ከተማ ከሰል እያመጣች የምትሸጠው ጎረቤታችን፣ እጇ ከነጥላሸቱ፣ ደረቷን እየመታች። ከእሷ ኋላ የማላውቃቸው ሴቶች፣ ከሴቶቹ ኋላ ወንዶች። የእድሩ ጡሩምባ ነፊ ሳይቀር ጡሩምባውን በብብቱ ይዞ ከበሩ ላይ ቆሟል፤ ሊነፋ ከመሄዱ በፊት የሟቹን ስም ሊያረጋግጥ። በእሑድ ቀን፣ በተከፈተ በር፣ የታመመ ሽማግሌ ካለበት ቤት፣ ሙሾ ሲወርድ ተሰምቷል። ሌላ ምን ያስቡ?

አከራዬ ክፍሉ መሃል ሲደርሱ አባቴን አዩአቸው። ቁጭ ብለዋል። የአከራዬ ጩኸት አፋቸው ላይ ቀረ። የከሰል ነጋዴዋ አማተበች። ሙሾው ከስፒከሮቹ እየወረደ ነው፣ ሰዎቹ የሚያለቅሰውን ሰው ግድግዳ ለግድግዳ ይፈልጋሉ። እኔ በድንጋጤና በኀፍረት ተነስቼ ላጠፋው ስል፣ "ተዪው" አሉኝ አባቴ።

"ታዲያ ማን ነው የሞተው?" አሉ አከራዬ።

አባቴ ቀና አሉ። በሩን የሞላውን ሰው አዩ፤ የተዘቀዘቀውን ነጠላ፣ የከሰል ነጋዴዋን ጥላሸታም እጅ፣ ባርኔጣውን ያወለቀውን ሰውዬ። በመርዶው ማለዳ ሽማግሌዎቹን ያዩበት አስተያየት አልነበረም።

"ሚስቴ" አሉ። "ሚስቴ ሞታብኛለች።"

እዚያ ከነበረው ጎረቤት ይህንን የማያውቅ አልነበረም። አከራዬ መርዶው ሲነገር እዚያው ነበሩ። ሆኖም አንድም ሰው እናውቃለን አላላቸውም። ገና አሁን እንደሰማ ሰው ሁሉም ባንዴ፣ "ወይ! ወይ! ወይ!" አለ። ያኔ የአባቴ ምርኩዝ ከእጃቸው ወደቀ። ጋቢያቸውን በሁለት እጃቸው ወደ ፊታቸው ሳቡትና፣ ከሆዳቸው፣ ከስፌቱ ሥር፣ ሰምቼው የማላውቀው ድምፅ ወጣ። ስሟን ጠሩ። በአገውኛ ጠሯት፣ የሚቆጧት ይመስል፣ ለምን ሳትነግሪኝ እያሉ። ጡሩምባ ነፊው ጡሩምባውን ከደጃፉ አስቀምጦ ገባና አጠገባቸው ወለሉ ላይ ተቀመጠ። በዚያው ሳምንት ወደ ዘንገና፣ ወደ ባዶው ቤታቸው፣ በራሳቸው ጥያቄ እንደሚመለሱ ያን ሰዓት አላወቅሁም። ያን ሰዓት የማውቀው አባቴ እያለቀሱ መሆኑን ነው፤ እኔም ከደስታ ይሁን ከሐዘን ሳልለየው አለቀስኩ።

አከራዬ ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ሙሾ በመሣሪያ፣ ሰው በቁሙ፣ በእሳቸው ግቢ። እሳቸው ግን የአባቴን ትከሻ በአንድ እጃቸው ይዘው፣ በሌላው ወደ ቴፑ አመለከቱኝ።

"አጥፊው እቴ" አሉኝ። "እኛ አለን አይደል?"

አጠፋሁት። አሮጊቷ ስንኛቸው መሃል ላይ ጸጥ አሉ። አባቴ ግን አላቆሙም።